አራተኛው ብርሌ

ከቡሬ መናኸሪያ፣ ከወፍጮ ቤት ኋላ፣
ቆርቆሮ በር አለ በዝገት የተበላ፣
ምልክት የሌለው፣ እንጨት ላይ ከተደፋ ጣሳ ሌላ።

አራት ሆነን ገባን ቅዳሜ ወደ ማታ፣
ገበያው ሲበተን፣ አህያ ሲፈታ፤
እንየው መምህሩ ያው ኮቱን ደርቦ፣
ባንቻየሁ አዋላጅ፣ ድካም ፊቷን ከቦ፣
ገደፋው ነጋዴው ቁልፉን አንጠልጥሎ፣
እኔ ከኋላቸው፣ ልቤ «አንድ ብቻ» ብሎ።

ጥሩአየሁ ቆማለች ነጠላ አደግድጋ፣
ከጋኖቿ መሐል፣ ከግድግዳው ጥግ ጋ።
«ዛሬ መቅመስ እንጂ መጠጣት የለማ፤
የትኛው ከየት ነው? ምላሳችሁ ይስማ።
አበባውን ጥሩ። ስሙን ያወቀ ሰው
አይከፍልም፤ የሳተ የሁሉን ይክፈለው።»

የፊተኛው መጣ፣ ድፍርስ ያለ ዳማ፣
ጌሾው ጉሮሮ ላይ ሙግት የሚያሰማ።
«ብሳና ነው» አለ ገደፋው ቸኩሎ፣
ብርሌውን አንሥቶ ወደ መስኮት ሰቅሎ፣
ገና ሳይቀምሰው በጠረኑ ምሎ።
«ግራዋ ነው» አለች ባንቻየሁ በእርጋታ፣
«ምሬቱ ኋላ ነው፣ ቆይቶ የሚመታ።»
ጥሩአየሁ ሣቀች። ገደፋው ተረታ።

ሁለተኛው ነጣ ያለ፣ የገተም ማር ጠጅ፤
ያወቀው እንየው ነው፣ የድሮው ወዳጅ።
ሥራ ሲጀምር ተመድቦ ዘንገና
ደመወዙን ሁሉ በማር በላውና
ትዳሩ ዘገየ፤ እስካሁን ሰበቡ
ገተም ነው ይለናል፣ ይቺው ናት ንባቡ።

ሦስተኛው ለእኔ ነው። «ኑግ» አልኩኝ፤ ኑግ ሆነ።
ዕውቀት ግን አይደለም፤
ከኑግ ሌላ አበባ አላውቅም በዓለም።

አራተኛው መጣ።
ጥርት ብሎ የጠራ እንደ ምንጭ ውሃ፣
ቀለሙ ገለባ፣ መዓዛው ግን ድሃ።
ገደፋው ጠጣና ዐይኖቹን ከደነ፤
«መጭ ነው!» አለ፣ «መጭ! ያ የመስከረሙ፣
ከነጤዛው ያለ፣ ከነቢጫ ቀለሙ፤
ልጅ ሆኜ የላስኩት ከነማር እንጀራው፣ ከነሰሙ!
ቅጂልኝ፣ ድገሚኝ!»
ሦስታችን ዝም አልን።
ጣፋጭ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ባዶ ሆነብን።

ጥሩአየሁ እጇን በመቀነቷ ጠርጋ
ተናገረች ቀስ ብላ፣ ድምጿም እንደረጋ፦
«ስኳር ነው፣ ገደፋው። በኪሎ የገዛሁት።
ጠጅ ውስጥ አይደለም፤ ለንቦቼ የሰጠሁት፣
ክረምቱን እንዳይሞቱ በሳህን የበጠበጥሁት።
ማሩ የእነርሱ ነው፤ አበባው ግን የለም፣
መጭ እንደ ድሮው ማሳ ዳር አይለመልም።
ያ የጄሪካን መድኃኒት፣ አረም የሚያቃጥል፣
ስንዴውን ተሻግሮ ድንበሩን ሲቀቅል፣
ንቤ ቢጫ ፍለጋ ወጥታ ባዶዋን ስትውል፣
ምን ላድርግ?»

ማንም ወደ ገደፋው ቀና ብሎ አላየም።
ሱቁን ሁሉ ያውቃል፤ ከባንኩ ትይዩ፣
ጄሪካኖች በረድፍ ደጁ ላይ የሚታዩ፣
ቀይ ጽሕፈት ያለባቸው።
(እኔም ገዝቻለሁ። ሁለት ዓመት፣ በዱቤ፣
ጤፌን ላድን ብዬ። ይኸን ያኔ አልተናገርኩም።)

ገደፋው ብርሌውን በሁለት እጁ ይዞ
ሊናገር ፈለገ፤ ቃሉ ቀረ ፈዞ።
ባንቻየሁ ትከሻውን ነካ አደረገችው፣
ምጥ የያዛትን ሴት እንደምትነካው።
እንየውን ሳል ያዘው፣
ተማሪ የማይመልሰው ጥያቄ ሲጠይቀው የሚስለው ሳል።

ደንቡ ደንብ ነውና፣ ሁለቴ የሳተው
የአራታችንን ሒሳብ ቆጥሮ ከፈለው፤
መልሱን አልጠበቀም።
ከደፉ ሲደርስ ግን ዞረ፦
«ዘሩ ይገኝ ይሆን? የመጭ?»

«መጭን ማን ዘርቶት ያውቃል!» አለች
ጋኗን እየከደነች፤
«ዝም ካሉት ይበቅላል።»

ውጪው መሽቷል። የመጨረሻው አውቶቡስ ወጥቷል።
አራታችንም አልሰከርንም።
ምላሴ ላይ፣ እስከ ቤቴ ድረስ፣
ያ ጣፋጭ፣ ያ ምንም።