ፋኖስ ያዥ

በባሕር ዳር ወበቅ ካፖርት ሳያወልቅ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኛን ሲያስጨንቅ፣
ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጉድለት ተገኝቶበት
የተጣለ ጣቃ መጋረጃ ሰፍቶበት፣
ወንበር እየጠገነ፣ ትኬት እየቀደደ፣
ያረፈደን ተዋናይ በዓይኑ እያረደ፣
ጋሽ አንለይ ነበር።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሐይቁ ዳር ያቆመናል፤
«ያ ታንኳ ላይ ያለው ሰው፣ አሁን ይሰማናል?
ካልሰማህ የለህም፤ ከጮህክም ጠፋብህ፤
ቃሉን ውኃው ላይ አኑር፤ ይሄዳል ቀድሞልህ።»
ዓሣ አጥማጁ አንዳንዴ መረቡን ትቶ ይስቃል፤
ጉማሬ ብቅ ትላለች፣ ታዛጋለች፤ ጋሼ፦
«ተመልካች እንዲህ ነው፣ ካሰለቸኸው ይጠልቃል።»

ለእኔ ቃል አልሰጠኝም። ሦስት ዓመት በሙሉ
ፋኖስ ይዤ ግራ ጥግ፤ ሌሎቹ ሲያለቅሱ፣ ሲማማሉ።
እናቴ አንድ ቀን ልታይ መጥታ ምንም አላለችኝ፤
በማግሥቱ ለጉሮሮዬ ዝንጅብል አፈላችልኝ።
«አንዲት መስመር ብቻ፣ ጋሼ» ብዬ ብለምነው፣
«መቆሙን መች ቻልክና? መናገር ለቆመ ነው።»

ከዚያ በአንድ የክረምት ማታ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣
ከዘጌ በኩል ዝናብ መጣ ሐይቁን ጠቅልሎ፤
ሁለተኛው ገቢር ላይ፣ ይታይሽ ልትሞት ስትል፣
ድርግም አለ መብራቱ። ሕዝቡ ሊነሣ ሲል
የእኔዋ ፋኖስ ቀረች። እውነተኛ ላምባ ነበራት፤
ጋሼ የውሸት እሳት አይወድም፤ ሁሌ ራሱ ነው የሚሞላት።

ከጥጌ ወጣሁ። ፊቷን ብቻ አበራሁ፤ ሞተች።
ከእሷ ወደ ወንድሟ፣ ከወንድሟ ወደ ዳኛው፣
ተራው ለደረሰ ሁሉ ብርሃን እየሰጠሁ፣
አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ቴአትሩን ይዤ ወጣሁ።

ጭብጨባው ዝናቡን ዋጠው። ያቅፈኛል ብዬ
ከመጋረጃው ጀርባ ሄድኩ ላቤን ጠርጌ፣ ኮርቼ፤
ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር ባልዲ እያስቀመጠ፣
ቀና እንኳ ሳይል፦ «ዳኛው ጋ እጅህ ተንቀጠቀጠ።»

አዳራሹ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ነው።
ይታይሽ አዲስ አበባ፣ በቴሌቪዥን ትታያለች።
ጋሼም ስሙን ክዶ በሚያዝያ ተለየን።

እኔ አሁንም በአሥራ ሁለት ሐይቁ ዳር ነኝ፤ ልጆች አሉኝ፣ ስምንት።
ታንኳው በሞተር ጀልባ ተተክቷል፤ ቃል ማስቀመጥ ከብዷል።
ትናንት አንዱ ዓይን አፋር ቀርቦ «አንዲት መስመር» አለኝ፤
ላምባ ሞልቼ ፋኖሷን ዘረጋሁለት፤ ልጁ ቁልቁል አፈጠጠ፤
ፊቴን አልነበረም የሚያየው።
እጄ ተንቀጠቀጠ።