ጥቅልል ቁጥር ሰባት

ቆርቆሮው ሲከፈት ኮምጣጤ ሸተተ።
"ፊልም ሲሞት እንዲህ ነው" አለን የስፕሊቱ ባለሙያ፣ በጓንቱ ቀስ እያለ እየጎተተ፤
"ይኮመጥጣል፣ ይኮማተራል…" ብሎ ሳይጨርስ ጠርዙ ተሰበረ፣
እንደ ደረቀ የወይን ቅጠል ጓንቱ ላይ ዱቄት ሆኖ ቀረ።

አሥራ አንድ ቆርቆሮ፣ የአባቴ የፍራኔ ቁጥር ያለባቸው፤
ከላስቶቮ ደሴት እህቴ ቶንካ፣ እንደ እንቁላል ቅርጫት
ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ በመርከብ ያመጣቻቸው።
ስድስቱ ባሕር ነው። ባሕር፣ ደግሞ ባሕር፤
አባቴ ሞገድ አይጠግብም ነበር።
አንዱ የማናውቀው ሰው ሠርግ ነው፣ ሙሽራዋ ራስ የላትም፤
ሦስቱ ተጣብቀዋል፣ የሚያላቅቃቸው የለም።

ሰባተኛው ላይ ግን እናታችን አለች።
ሠላሳ አንድ ሴኮንድ ሙሉ ትኖራለች፤
እርጥብ አንሶላ ተሸክማ፣ ከጥርሷ መቆንጠጫ አውጥታ፣
አንድ ነገር ትናገራለች፣ በጸጥታ።

"'ልጆቼን አደራ' ነው ያለችው" አለች ቶንካ፣ ፊቷ ቀልቶ።
"'ፍራኔ፣ ፍቅሬ' ነው" አልኩ እኔ። ከሞተች በሃያ ዓመቷ
አጣላችን፤ እራታችን ቀረ፣ ቀዝቅዞ፣ ተረስቶ።
መጨረሻው ሦስት ሴኮንድ መሬት ብቻ ነው፣ ጠጠርና ጫማ፣ የሚንቀጠቀጥ፤
ባለሙያው "ተበላሽቷል" ብሎ ጽፎልን ነበር፣ "ልቁረጥ?"

ጎረቤታችን ፔሪና ናት፣ በሰባት ዓመቷ ትኩሳት ጆሮዋን የነሳት፣
የደሴቱን ሰው ሁሉ ከንፈር ስታነብ ሰባ ዓመት የሞላት።
ወንበር ሰጠናት። መነጽሯን ጠረገች። አየች፤ ደግማ አየች።
ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ በጣቷ ወደ እናታችን እያሳየች፦

"ፍራኔ! እሱን ነገር ጣልና በሩን ዝጋ፣
ፍየሏ ጎመኑን ፈጀችው! ደግሞስ፣
ፀጉሬን እንኳ ሳላበጥር! አጥፋው! ሰው ያየኛል፣ በዚህ ልብስ?"

አደራም አልነበረም፣ ፍቅርም።
ቶንካ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም።

"አጥፋው" ያለችውን ነው እንግዲህ በሦስት ቅጂ የምናኖረው፤
አንዱ ለቶንካ፣ አንዱ ለእኔ፣
አንዱም ሪየካ፣ ገና በእናቱ ሆድ ላለው።
ከሥሩ የፔሪናን ቃል ጻፍን፣ ፍየሏንም ሳንዘል፤
ለባለሙያውም "ጭራውን እንዳትነካ" አልነው፣ "አንዲት ምስል እንዳትነቅል።"

ያ ጠጠር፣ ያ ጫማ፣ ያ የተበላሸው፣
በአሥራ አንድ ቆርቆሮ ውስጥ አባታችን የታየው እዚያ ብቻ ነው፤
ከቁርጭምጭሚቱ በታች፣ ካሜራው በእጁ ተንጠልጥሎ፣
በሩን ሊዘጋ ሲሮጥ፣ እሺ ብሎ።