ሁለት ሰከንድ

የቤታችን ፊልሞች ጠባቂ እኔ ነኝ፤
ማንም አልሾመኝም፣ ሥራው ራሱ ነው የያዘኝ።
ኅዳር ሲገባ ራውማ ላይ፣ ቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሲያልቅ፣
ምድር ቤት፣ ከስኪዎቹ ጀርባ፣ ያቺ ጥቁር ሳጥን ስትሞቅ፣
ወርጄ ፋይል እለቅማለሁ፤ ስም ለሌለው ስም አወጣለሁ፣
የግርጌ ጽሑፍ የጎደለውን ፈልጌ እሰፋለሁ፣
የወንድሜ ልጆች እንዳያዩት፣ ደም ያለበትን እቆልፋለሁ።

አባቴ ቬይኮ አይሰማም።
ሠላሳ ዓመት የመርከብ ብረት ሲቀጠቅጥ፣ ሲበይድ፣
ጆሮው ቀስ እያለ ሄደ፣ ጀልባ ወደብ ለቆ እንደሚሄድ።
ለእሱ ፊልም ማለት ግርጌው ነው፤ ከላይ ያለው ሁሉ ጌጥ፤
ፊደሉ ከከንፈር ካልገጠመ ይነሳል፣ አይችልም መቀመጥ።
"ዘገየ" ይላል በእጁ፣ አውራ ጣቱን ወደኋላ ጥሎ፤
እኔም እጎትታለሁ፣ ሩብ ሰከንድ በሩብ ሰከንድ፣ ፊቱ እስኪፈታ ቀስ ብሎ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን፣ ዲስኩ ሞልቶ ቦታ ሳጸዳ፣
"በቅርብ የታዩ" የሚለው ዝርዝር ተዘረጋ እንደ ዕዳ።
ያልጠየቅሁትን ነገረኝ፦
ወንድሜ ኦስሞ፣ "ጊዜ የለኝም" ባዩ፣ የኬክ ውድድር ሦስት ተከታታይ ሌሊት፤
ከሥሩ ደግሞ በአባቴ ስም፣ ሁልጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
አንድ ፋይል። አርባ አንድ ጊዜ።
ስሙ "የቦይለር አጠቃቀም መመሪያ"።

የቦይለር መመሪያ በሌሊት ማን ያያል?
ከፈትኩት። እጄ እስካሁን ያፍርበታል።

እናቴ ናት። አውኔ። ካረፈች ስድስት ክረምት አለፋት፤
በበጋው ቤት ደጃፍ፣ በብርቱካናማ ቀሚስ፣ ነፋስ ከጎን እየገፋት፣
ወደ ካሜራው ዞራ ትናገራለች፣
እጇን ትዘረጋለች፣ ትስቃለች።
ከእግሯ ሥር ጽሑፍ አለ፤ በአንድ ጣት የተተየበ፣ ነጥብ የሌለው፣
ፊደሉ እዚህም እዚያም የተዘለለ፤ አባቴ ነው የጻፈው፣
ከከንፈሯ ለቅሞ፦

    ባሕሩ ዛሬ ጸጥ ብሏል
    አንተ አጠገቤ ስትሆን እንዲህ ነው
    እዚሁ እንሸምግል

እኔ ግን እሰማለሁ።
ማዳመጫውን ሰክቼ፣ ድምጿን ከነፋሱ ነጥዬ ሳወጣ፣
እንዲህ ነበር ያለችው፣ ግማሽ ስቃ ግማሽ ተቆጥታ፦
"ቬይኮ፣ አጥፋው አልኩህ! ድንቹ አረረ፣ አይሸትህም?
በዚህ ቀሚስ ቀርጸኸኝ… ለማንም እንዳታሳይ፣ ለማንም!"

ስህተት ማረም ሥራዬ ነው፤ ሳይ ጣቴን ይበላኛል፤
ትክክለኛው ቃል ጆሮዬ ላይ ነው፣ ለመተየብ ደቂቃ ይበቃኛል።
አልነካሁትም።
የእሷን ቃል ጠበቅሁ ይልቅ፤ "ለማንም" ብላ የለ?
ከጋራው መደርደሪያ ወጣ፣ ከእሱ ዓይን በቀር ከሁሉም ተከለለ።
የታዩትንም መዝገብ አጠፋሁ፤ የእሱን፣ የኦስሞን ኬክ፣ የራሴንም
(የራሴን አልናገርም)፤
ከእንግዲህ ይህ ቤት፣ ማን በስንት ሰዓት ምን እንዳየ አያስታውስም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ።
ጽሑፉ ሁለት ሰከንድ ይዘገያል፤
እሷ አፏን ከዘጋች በኋላ "እንሸምግል" የሚለው ይመጣል።
ባስተካክለው ማየቴን ያውቃል።
ተውኩት። ሳምንቱን ሙሉ ግን፣ በር ስዘጋ፣ ውሃ ስቀዳ፣
ያቺ ሁለት ሰከንድ ነበረች፤ እንደ ጠጠር በጫማ ጓዳ።

እሑድ፣ ዓሣ እየበላን፣ በናፕኪን ላይ ጽፎ ገፋልኝ፦
"ጽሑፍን በሁለት ሰከንድ እንዴት ያስቀድሙታል?" ዓይኑን ግን አልሰጠኝ።
"የየትኛውን ፊልም?" አልኩት በእጄ።
ትከሻውን ሰበቀ። የማንኛውንም።

በአንድ የጦርነት ፊልም አሳየሁት፤ እዚህ ተጫን፣ እዚህ ቀንስ፣ አሁን አስቀምጥ።
ሁለቴ ደገመው፣ እንደ ትልቅ ብየዳ ትንፋሹን ውጦ።
ሦስተኛውን ያለ እኔ ሞከረ።

በዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከወለሉ ሥር
ሳጥኗ መሽከርከር ስትጀምር ሰማሁ።
ጠዋት ወርጄ መዝገቡን ከፈትኩ፤ ባዶ ነው።
ማን ምን እንዳየ አላውቅም።