ያልተከፈተ

ጠባሴ ላይ ሌሊት፣ ውርጭ ሲያፏጭ በደጅ፣
የመንዝ ባና አለብሳታለሁ እንደ ልጅ፤
ኮፋኖዋን ሸፍኜ፣ ዳር ዳሩን ጠቅጥቄ፣
"ነገ እንዳታሳፍሪኝ" እላለሁ ተጠንቅቄ።

ከዓመታት በፊት ጣርማበርን ወርጄ፣ ደብረ ሲና ልደርስ ስል፣
የቆጣሪዋ ዘጠኞች ተያይዘው ገቡ ገደል፤
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ሆነች። ተሳፋሪው አጨበጨበ።
አንድ ሽማግሌ ብቻ ከኋላ ወንበር አሰበ፣
አሰበና፦ "ልጄ፣ ቁጥሩ ነው እንጂ የታጠበ…"
አልጨረሰውም። እኔም አልጠየቅሁም።

አሁን ትጨሳለች ሰማያዊ፣ ጋን እንደሚታጠንበት ቤት፤
ገብስ የጫነ አህያ ያልፋታል ዳገት ላይ፣ በትዕግሥት።

ሸዋፈራሁ መካኒኩ፣ ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ደግፎ፣
አዳመጣት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ አጎንብሶ፤
"ፋሻዋ አልቋል" አለኝ፣ "ብሮንዚናዋም ይጮሃል።
ሰማንያ ሺሕ፣ በወንድም ዋጋ። ካልሆነም ሌላ መላ ይገኛል፣
የዱባይ ሞተር አለ፣ ባንድ ቀን ይሰካል።"
የዱባይ! ማን ነድቶት? ስንት ዓመት አሸዋ ጠጥቶ?
የማላውቀውን ሰው ኃጢአት ልግዛ፣ እሱስ ከየት ብር መጥቶ?

ዘውድነሽ ደብተር አላት፣ መሐሉን በቀይ ያሰመረች፤
ግራው፦ ለድስት ዘይት፣ ሁለት ሊትር። ቀኙ፦ ለሞተር፣ ስድስት።
"እኛ ሽሮ በውኃ፣ ያንተዋ በዘይት ትጠበስ!" አለች፤
አለች እንጂ፣ እየሣቀች።

ራሴ ላድሳት? እኔ?
ካንዴላ ለውጫለሁ፣ ቺንጊያ፣ ሁለቴም የፍሬን ሸራ፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ጓዳ የሰው ነው፣ የባለሙያ ሥራ።
ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ጣቴ በጠዋት ብርድ ይከዳል።
"ብሎን ከተረፈህ አምጣልኝ" ይላል ሸዋፈራሁ፣ ይሥቃል።
ለገንዘቡ ነው ብል እዋሻለሁ።
ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሃያ ሦስት ዓመት ድምፅዋን ሰምቼ፣
ሲከፋት በጫማዬ ሶል፣ በፔዳሉ ለይቼ፣
ውስጧን አላየሁም።

እናም ቴስታታውን ብቻ፣ ለማየት ያህል፣ ቅዳሜ፣
አሥሩን ብሎን ፈታሁ፣ ከዳር ወደ መሐል፣ ደጋግሜ፣
ጥቂት ጥቂት እያላላሁ፣ እስትንፋሴን ይዤ፣ ቆሜ።
በእንቁላል ካርቶን ደረደርኳቸው፣ በየጉድጓዱ ቁጥር።
ጥላሸቱን በቤንዚን ጨርቅ ሳብስ፣ ከፒስተኑ አናት ሥር
የብረት ጽሕፈት ብቅ አለ፦
ዜሮ ነጥብ አምሳ።

ሁለተኛውን አበስኩ። ሦስተኛውን። አራተኛውን።
"ያልተከፈተ ነው፣ ድንግል!" ብሎ ነበር የሸጠልኝ ሰውዬ፣
በእናቱ ምሎ። እኔም ስንቱ ፊት ኮርቼ፣ "አልተነካችም" ብዬ።
ለካ ሲሊንደሩ ተፍቆ፣ ፒስተኑ ግማሽ ሚሊ ወፍሮ፣
ተገጥሞ ነበር ድሮ።
ከብሎኩ ጎን ደግሞ፣ በምስማር የተጫረ፣
አንድ ፊደል፦ "ቀ"። እግሩ የተንሻፈፈ፣ በብርድ እጅ የተሞከረ።

መካኒክ ስሙን አይጽፍም። መካኒክ ተራ የሚጠብቅ ሌላ መኪና አለው።
ይሄ የፈራ ሰው ጽሕፈት ነው።
ቀ፣ ማነህ? ቀጸላ? ቀለመወርቅ? በየትኛው ግቢ፣
በማን ደብተር ዘይት ተቆጥሮብህ፣ ማን ሥቆብህ ነው የምትገባ የምትወጣው?
ዳገቱን እኔ መሰልኩኝ እንጂ፣ እጅህ ነበር ለካ ያወጣው።

ከአምሳ ቀጥሎ ሰባ አምስት አለ። ከዚያ አንድ ሙሉ።
ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ይሳሳል፣ አይፋቅም ይላሉ።
አንድ ሰው ገና ይቀራታል። ምናልባት ሁለት።

ዘውድነሽ መጣች። "እንቁላሉን ምን ላይ ላድርገው?" አለች፣
ከዚያ በልማዷ፣ በጣቷ ጫፍ ቆጠረች፦
"አሥር አልክ እንጂ፣ ዘጠኝ ነው።"

ባናውን መሬት አነጠፍን። በሆዳችን ገባን ከሥር፣
የስልኳ መብራት ይዞራል፣ በጠጠርና በሣር።
"ቆይ፣ አትነሺ፣ አንድ ነገር አየሁ፤
ወደ ግራ አብሪልኝ… አይ፣ ጠጠር ነው።
ትንሽ ወደ ግራ።"