ጨው የከዳው አፈር

ኖርዌይ፣ ትሮንድላግ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣
ገብሱ የታጨደ እርሻ አለ ተንጋሎ።
ቶርሂልድ ልትሸጥ ነው፣ ሃልቮርሰን ሊገዛ፤
አርባ ቤት ነድፏል በወረቀት፣
ለየቤቱ በረንዳ፣ ለየበረንዳው ጤዛ።
የኔ ሥራ አንድ ነው፦ መሰርሰሪያ ይዞ፣
ማንም ወዳላየው፣ ወደ ታች ተጉዞ፣
«ይሆናል» ወይም «አይሆንም» ብሎ መመለስ።

የመጀመሪያው ክንድ ጥቁር ነው፤
ትል ያረሰው፣ ሥር የፈተለው።
ቤት አይቆምበትም፤ ይገፈፋል፤
ቢገፈፍም አይከፋው፣ ለአበባ መደብ ይተርፋል።

ቀጥሎ አሸዋ፣ ስስ፣ ስንዝር የማይሞላ፣
ስጨብጠው የሚሾልክ፣
እንደ ባለዕዳ የሚሸሽ ወደ ኋላ።
ውሃ ያሳልፋል፤ ቂም አይዝም።

ከሥሩ ደረቅ ሸክላ፣ ቡናማ፣ ስንጥቅጥቅ፣
ጫማ የማይቀበል፣ አካፋ የሚያስጨንቅ።
ኢንግቫር በተረከዙ መታ መታ አደረገና
«ይህማ ካቴድራል ይሸከማል» አለ።
ልጅ ነው ኢንግቫር፤ ገና ሁለተኛ ዓመቱ፤
ከላይ የጠና ሁሉ እስከ ታች የጠና ይመስላል በፊቱ።

በሦስተኛው ሜትር ዘንጉ ድምፁን ለወጠ።
በአራተኛው ዝም አለ።
በአምስተኛው፣ ማንም ሳይገፋው፣ ማንም ሳያዞረው፣
በገዛ ክብደቱ ሰመጠ፤
እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው
ወረደ፣ ወረደ።
ኢንግቫር ሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም።

ናሙናውን በቱቦ አወጣን፤
ግራጫ፣ ሰማያዊ የነካው፣ እንደ ርግብ ክንፍ ሥር።
በቢላ ቆረጥኩት፤ እንደ አይብ ቁራሽ ቅርፁን ይዞ ቆመ።
ቶርሂልድ ከጓሮ በር ላይ
«ጥሩ ይመስላል» አለች።
«ይመስላል» አልኳት፤ ጎድጓዳ ሳህን ለመንኳት፤
ቁራሹን ጣልኩበት፣ በማንኪያ አማሰልኩት፣
አንዲት ጠብታ ውሃ ሳልጨምር፣
ዘጠኝ ጊዜ፣ ዐሥር፣
ፈሰሰ።
እንደ ሾርባ ፈሰሰ።

ድሮ ባሕር ነበር፣ ይህ ሜዳ፣ ይህ ጎራ፤
ጭቃው በጨው ታስሮ፣ በጨው እየኮራ።
በረዶው ሲቀልጥ፣ ሸክሙ ሲቃለላት፣
ምድር ቀና አለች፤ ባሕሩ ሸሸላት፤
ከዚያ ወዲህ ዝናብ፣ በዓመት በዓመቱ፣
ጨዉን እያጠበ ወሰደው ከቤቱ።
ቅንጣቶቹ ግን እንደ ቆሙ ቀሩ፣ ተደጋግፈው፣
ያስተዋወቃቸው ሰው ወጥቶ እንደ ቀረባቸው እንግዶች፤
ማንም እስካልነካቸው ድረስ አይወድቁም።
ጨው ለራሱ ሲል ይጣፍጥ ይባላል፤
እዚህ ግን ለሌላው ሲል ነበር የኖረው።
ጨዋ መሬት ነበር።

«ጨው ነው የጎደለው?» ብላ ገባች፤
የወጥ ቤቱን ዕቃ ይዛ ወጣች፤
አንድ ቁንጥር ጣለች፣ አማሰለች።
ሾርባው ረጋ። ከበደ።
ማንኪያው ለብቻው ቆመ።

«እንግዲህ ስንት ጆንያ?» አለች፣ እርሻውን በዐይኗ እየለካች።
አስልቼ ነገርኳት።
አርባዎቹ ቤቶች ተሸጠው የጨዉን ዋጋ አይችሉም።

«የኔስ ቤት?»
ካርታውን ዘረጋሁ፤ ጣቴ ሳይደርስ ገባት።
ሰባ ዓመት ተኝታበታለች፤
ሦስት ልጆች ከደረጃው ዘለውበታል፤
በሠርጓ ሌሊት ሁለት መቶ ሰው ጨፍሮበታል፣
መሬቱ ያን ሁሉ ችሎ፣ ምንም ሳይል።

ሪፖርቴ አጭር ነው፦ አይቆፈር። አይከመር።
የወንዙ ዳር አይነካ። ነዋሪዋ ይነገራት።
(የመጨረሻውን ሰረዝኩት፤ አውቃለችና።)
ሃልቮርሰን በስልክ «ሌላ መሐንዲስ አላጣም» አለ።
ይጥራ። ዘንጉ ለእሱም ይሰምጣል።

ስንሄድ ሳህኑ መስኮቱ ላይ ነበር፣
ማንኪያው እንደ ቆመ።
ኢንግቫር፣ ሁሌ የመኪናውን በር የሚያላትመው ልጅ፣
በሁለት እጁ ይዞ፣
ቀስ አድርጎ ዘጋው።