ዱቄት ፍለጋ

ሦስተኛው ማታ ነበር፤ ባትሪዬ ደከመ፣
ጉም ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን አተመ።
ነጭ ድመት በነጭ ጉም ማን ለይቶ ያያል?
እጄን ብዘረጋ እጄ ይጠፋኛል።

ጣጣው ግን ስሟ ነው፤ ጥፋቱም የራሴ፣
ከይመር ወፍጮ ቤት ሳመጣት በኪሴ
አራገፍኳት፣ ዳበስኳት፣ በጨርቅ ወለወልኳት፣
አልለቅ ቢል ጊዜ «ዱቄት» ብዬ ጠራኋት።
ለካ ጠጉሯ ኖሯል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ስሟ ከቤት አልወጣም፣
በሹክሹክታ ስጠራት ከእግሬ ስር አትታጣም፤
ሲንጀሬን ስረግጥ ክር ስትጎትትብኝ
የስንቱ ሰው ሱሪ በሷ ጠመመብኝ።

ያን ማታ ግን ስሟን ይዤ መንገድ ወጣሁኝ፣
«ዱቄት! ዱቄት!» እያልኩ ቁልቁል ተጣራሁኝ፣
ከሰኞ ገበያ ጀርባ፣ በጭቃው ቅያስ።

ኧረ ስንቱ በር ተከፈተ!

ዘምዘም በመስኮቷ ቁናዋን አውጥታ
«ለኔ አስቀድምልኝ» አለች ተንጠራርታ።
አሊጋዝ በነጠላ ጫማ፣ አንዱን እግር ረስቶ፣
«ኪሎው ስንት ገባ?» አለኝ አዛግቶ።
ጎረምሶቹ ተቀባበሉኝ፦ «ጋሼ፣ የጤፍ ነው የገብስ?
ጭራ ካለውማ አንገዛም!» ሳቃቸው አጥር ሲያፈርስ።
እኔም አብሬ ሳቅሁ መሰለኝ።

ከዚያ መዲና ወጣች፣
ከጥጉ ቆርቆሮ ቤት፣ ያችው የቆቦዋ፣
ሻሿን ሳታስተካክል፣ ሕፃኑን አዝላ፣
የታጠፈ ጆንያ በብብቷ፣ መታወቂያ በእጇ።
«የት ነው የሚታደለው?» አለች።
«ካርዱ ይበቃል ወይስ ቀበሌ ልሂድ?»

ሳቁ ድርግም ብሎ ጠፋ።
ጉሙ ብቻ ቆመ፣ ነጭ፣ እንደ ተነፋ።

ምን ይባላል? በዚህ አገር፣ በማታ፣
ይህን ቃል ሰው አይጮኸውም ለጨዋታ።
«ድመቴ ናት» አልኳት፣ ምላሴ እየከዳኝ፣
«ስሟ ነው… ጠፍታብኝ… አፉ በይኝ እህቴ።»

አልተቆጣች።
ጆንያውን ዘርግታ እንደገና አጠፈችው፣
ጠርዙን ከጠርዙ፣ ቀስ ብላ፣
የበዓል ልብስ እንደሚታጠፍ።
«ምን መልክ ናት?» አለችኝ።
«ነጭ።»
«የኛዋ ዳልቻ ነበረች።
የወጣን ለት ጣራው ላይ ቀረች፣
መኪናው እስኪታጠፍ ስሟን ጠራሁ፣ ጠራሁ፤
አየችኝ እንጂ አልወረደችም።
ድመት ስሟን የምትወድ እንዳይመስልህ፤
ጣሳዋን ነው የምትሰማው።»

ገብታ ጣሳና ማንኪያ ይዛ ወጣች።
ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

እሷ ከፊት፣ እኔ በደከመ ባትሪ ከኋላ፣
አሊጋዝ ባንድ ጫማው፣ ጎረምሶቹ ተከትለው፣
በቦዩ፣ በእንጨት ክምሩ፣ በተጣለ ፍሪጅ ውስጥ፣
በመድኃኔዓለም አጥር ስር። ዘበኛው ዱላውን አንሥቶ
«ማን ነው?» ቢል «ድመት!» አለ ሁሉም ባንድ አፍ፤
ዱቄት ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ሼህ ጡሃን ለመንናቸው በማይክ እንዲሉልን።
«ልጅ ቢሆን እሺ» አሉ፣ «ለድመት ማይክ ይከብደኛል።»
ንጋት ላይ ግን፣ ሰጋጆቹ ጫማ ሲፈልጉ፣
በር ላይ ቆመው «ነጭ ድመት ያያችሁ?» ሲሉ ሰማኋቸው፣
በገዛ ጉሮሯቸው።

አልተገኘችም።
ሰባት ቀን ሆነ፤ ይመር የወፍጮ ቤቱን
ጆንያ ሁሉ ገልብጦ አየልኝ። አይጡ ብቻ በዝቷል።
የአንዱ ደንበኛ ሱሪ ትናንት ቀጥ ብሎ ተሰፋ፤
ለብሶት ሲሄድ ቆሜ አየሁት፣ ደስ አላለኝም።

አሁንም ሲመሽ እወጣለሁ፣
ስሟን ግን አልጠራም።
ጣሳዬን በማንኪያ ኳ፣ ኳ፤
ትንሽ ዝም እላለሁ፣ ጉሙን አዳምጣለሁ፤
ከጥጉ በኩል ሌላ ጣሳ ይመልሳል፣
ኳ፣ ኳ።

የኔዋን ትጥራልኝ ወይ የራሷን፣ እንጃ።
አልጠየቅኳትም።