ልክ

ሊዝቦን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የቆመበት፣
እኔ ነበርኩ ጸሐፊ በበጀቱ መዝገብ ቤት።
አለቃዬ ሴራፊም ቀይ እርሳስ ሰጡኝና፣
«ባንዴ አትቁረጥ» አሉኝ፣ «ሰው ይጮኻልና፤
በየዓመቱ ጥቂት፣ እንደ ጥፍር፣ እንደ ጠጉር፣
ማንንም ሳያምም ነው መንግሥት የሚያጥር።
ልኩን ይወቅ መንግሥት፤ ልክ አጥቷል ይህ አገር።»

አመንኳቸው። እውነትም ብዙ ነበር ትርፉ፦
ላንድ ድልድይ ሦስት ቢሮ፣ ሦስት ማኅተም ደጃፉ፣
የሐር ትል ለማርባት የተሾመ ሌላ፣
ከሞተ ዐሥር ዓመቱ ደመወዝ የሚበላ።

ገጽ አርባ ላይ ግን፣ ከዝርዝሩ በታች፣
አንዲት መስመር ነበረች፣ ከክር የቀጠነች፦
«የሳቦር ወንዝ ውሃ ልክ አንባቢ፤ ኤርሜሊንዳ።
ቡት ጫማ በሁለት ዓመት፤ ሌላ የለብንም ዕዳ።»
በቀን ሦስቴ ትወርዳለች ወደ ድንጋዩ ምሰሶ፣
ቁጥሩን ታነባለች ውሃው ሲልሰው ደርሶ ተመልሶ።

በመጀመሪያው ዓመት የቀትሩን ቆረጥኩ።
በሁለተኛው ዓመት የማታውን ነጠቅኩ።
ከዚያ ቅዳሜ እሁድን።
ከዚያ ቡት ጫማውን።
ከዚያ በሳምንት አንዴ፤ ከዚያ በወር አንዴ።
ማን ጮኸ? ማንም።
ምን ጎደለ? እንጃ፤ ጉድለት የሚለካ ሰው አልነበረንም።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ፣
እኔ የሚሄደውን መለስኩት ከዕንቁላሉ፤
ክንፉን አጥፌ፣ እግሩን ሰብስቤ፣ ምንቃሩን ዝም አሰኝቼ፣
ቅርፊቱን ያለ ስንጥቅ መልሼ ዘግቼ።

በአምስተኛው ዓመት መስመሯ ዜሮ ሆነ።
ሴራፊም ጨበጡኝ፤ ጉዳዩ ተከደነ።

ደብዳቤው ግን አልቆመም።
በየሰኞው ይመጣል፣ ቴምብሩን ራሷ ገዝታ፣
በካሬ ወረቀት፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፦
ሁለት ሜትር ከዐሥር። ሁለት ሜትር ከስምንት።
ጭቃ አለው ዛሬ። የዱር አሳማ ተሻገረ፣ ከነልጆቹ ሰባት።
«ማክሰኞ አልወረድኩም፤ ጉልበቴን አሞኝ ነው። ይቅርታ።»

ይቅርታ የምትለው ማንን ነው?
ማን ይንገራት? ደብዳቤ መላሹ ክፍል
ተሰርዟል አምና፣ በኔው እርሳስ፣ በኔው ድልድል።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ገባሁ ከጫማ ቤት።
ጎማ ቡት አነሳሁ፣ ጥቁር፣ እስከ ጉልበት፤
ዋጋውን አየሁት፦
የሴራፊም እንግዶች የአንድ ምሳ ሒሳብ እንኳ አይሞላም።
ሻጯ ልጅ ቀረበች። «ለማን ነው?» አለችኝ።
«ወንዝ ለምታነብ ሴት።»
«ልኳስ?»

ቆምኩ።
አምስት ዓመት ሙሉ በቀይ እርሳስ ስለካት!
የወንዙን ልክ አውቃለሁ፣ ከነሴንቲሜትሩ፤
የመንግሥትን ልክ፣ እንግዲህ፣ ሴራፊም ይናገሩ፤
የእሷን ግን...

«ልኳ ስንት ነው?» አለች ልጅቷ ደግማ፣
በእጇ አንጠልጥላ አንድ እግር ጫማ።